ግራ እግሯ ገና አልታሸም

የሳካራም ቤትና የእኔ ወፍጮ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ ስለ እሱ የማላውቀው ነገር ቢኖር ወፍጮው እየጮኸ ያመለጠኝ ብቻ ነው።

በጉልምስናው ዘመን በከተማችን በኮልሃፑር የትግል ሜዳ ቀይ አፈር ላይ የጣላቸው ሰዎች ዛሬ ጥርሳቸው አልቋል፤ ገበያ ላይ ሲያገኙት ግን አሁንም መንገድ ይለቁለታል። ጆሮዎቹ በትግል ብዛት ተጨማደው የደረቀ በለስ መስለዋል። አንገት የሚባል ነገር የለውም፤ ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ እንዲያው ተቀምጧል። መዳፉ እኔ ዱቄት የምዝቅበትን ጎድጓዳ ሳህን ያህላል። እዚህ ከተማ የትግል ሰው በስሙ አይጠራም፣ ‹ፓይልዋን› ነው የሚባለው፤ ሚስቱ ኢንዱ እንኳን ስትቆጣው ‹አንተ ፓይልዋን› ነው የምትለው። ሳካራም እያልኩ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጆች ሳለን አንድ ጊዜ ጥዬው አፈር አብልቼዋለሁና። እሱ አላበላኸኝም ይላል። ይዋሻል።

ጉልበቱ ሲደክም የትግል ቤቱን ትቶ መውጣት አቃተውና ወጌሻ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ይሄዳል፣ ጎረምሶቹን በዘይት ያሻል፣ የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የተሸማቀቀ ጅማት ይፈታል። እጁ ያረፈበት ጎረምሳ መጀመሪያ እናቱን ይጠራል፣ ቀጥሎ አምላኩን፣ በመጨረሻ ተነስቶ እየሳቀ ይሄዳል። እኔንም አንዴ ትከሻህን ላሽልህ ብሎ አሽቶኝ ነበር። ለብዙ ቀን ወፍጮውን ያስነሳሁት በግራ እጄ ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ሰው አንድ ነገር ይፈራል። ህጻን ይፈራል።

ፍርሃቱ የጀመረው አንዲቷ ልጁ ሱላባ የተወለደች ሰሞን ነው። ከትግል ሜዳ እየሮጠ መጣ፤ ላብ፣ ዘይትና ቀይ አፈር እንደተለወሰ ልጅቷን ከተኛችበት አነሳት፤ ልጅቷም ጩኸቷን አቀለጠችው። እናቱ ነጥቃ ወሰደችበትና፣ “ይሄ እጅ ጎሽ ይጎተትበታል እንጂ ህጻን አይያዝበትም” አለችው። ቤቱን የሞላው ሴት ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷን አንስቶ አያውቅም። ጫማ ይገዛላታል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ከፊት ከፊቷ እየሄደ ውሻ ያባርርላታል፤ እጇን አይዝም። ስትዳር እንደ ወጉ እግሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሰናበተው ሊመርቃት መዳፉን አናቷ ላይ ዘረጋ። ግን አላሳረፈውም። በአናቷና በመዳፉ መካከል አንድ ሎሚ ይገባ ነበር። አጠገባቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ተናድጃለሁም።

እንግዲህ ይቺው ሱላባ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እዚያ ነውና። ሴት ወለደች። ጁዪ ተባለች። ዝናቡ ሲያባራ የሱላባ አማት ማላቲ ከሳንግሊ ከተማ መጥታ እናትና ልጅን ልትወስድ ቀጠሮ ተያዘ። ማላቲ ቀጠሮ የምታከብር ሴት ናት፤ ሌላው ሳያከብር ሲቀር ደግሞ አያድርስ ነው።

አራስ ቤት ያለ ሂራባይ አይሆንም። ሂራባይ የሰፈሩ ህጻን አሺ ናት፤ ሁላችንም ‹ማውሺ› እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ጠዋት ስትመጣ መጀመሪያ ሻይዋን ትጠጣለች፤ ስኳሩ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ቀጥላ “ወንድ ይውጣ” ትላለች። ከዚያ ሳሪዋን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ዝቅ ያለች ሳንቃ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ህጻኗን ቅልጥሟ ላይ አስተኝታ በሞቀ የኮኮናት ዘይት ማሸት ትጀምራለች። ደረቷን ከመሃል ወደ ጎን፣ ሆዷን ክብ ክብ፣ እግሮቿን ከጭን እስከ ጣት። ክንዶቿን አጣምራ ትዘረጋለች፣ አፍንጫዋን ቆንጠጥ ታደርጋለች። በመጨረሻ ዘይቱን በሽምብራ ዱቄት አንስታ በሙቅ ውሃ ታጥባታለች፤ ልጅቷ ስትተኛ የእናቲቱ ተራ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሃል ምላሷ አያርፍም። የሰፈሩን አፍንጫ በሙሉ ያቃናሁት እኔ ነኝ ትላለች። የእኔን አፍንጫ ግን “እሱን ያሸሁት እኔ አይደለሁም” እያለች ለአላፊ አግዳሚው ትምላለች።

ወንድ ይውጣ ስትል ሳካራም እኔ ጋ ይመጣል። የእህል ጆንያ ላይ ይቀመጥና ያንን የተጨማደደ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል።

“አሁን ትከሻዋ ላይ ናት” ይለኛል።

“በምን አወቅህ?”

“በለቅሶው። ትከሻ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ የእኔዎቹም ጎረምሶች። አሁን ሆዷ ጋ ሄደች። ሰማህ? ዝም አለች።”

“አንተ ሰው፣ በግድግዳ ከምታዳምጥ ለምን ገብተህ አታያትም?”

“ወንድ አይገባም።”

“ታሽታ ካበቃች በኋላስ? ቀኑን ሙሉ ቤትህ ተኝታልህ ስትውል አንስተህ እንዳታቅፋት ማን ያዘህ?”

መዳፎቹን ጭኑ ላይ ገልብጦ አያቸው። “ማሩቲ” አለኝ። “ሱላባ ሳልይዛት አድጋ ሄደች። ይቺም ሳልይዛት ልትሄድ ነው። ዝናቡ ሊያባራ ነው።”

ተነስቼ ወፍጮዬን አስነሳሁ።

አንድ ጠዋት ኢንዱ ያዘዘችኝን የሽምብራ ዱቄት በከረጢት ይዤ በራቸው ላይ ስደርስ ሳካራም ደጅ ቆሟል፤ ገና መባረሩ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። የህጻኗ አይደለም፣ የሂራባይ ነው።

ዘለን ገባን። ሂራባይ እግሯን እንደዘረጋች ናት። ጁዪ ቅልጥሟ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ከጸጉሯ እስከ ጥፍሯ በዘይት ርሳ እንደ ዓሣ ታብለጨልጫለች። ማውሺ የሙቅ ውሃውን ባልዲ ልትስብ ዘመም ስትል ወገቧ ተይዞ ቀርቷል። ወደ ፊት አትጎነበስ፣ ወደ ኋላ አትቃና።

“ልጅቷን አንሱልኝ” አለች። “እኔን ግን ማንም እንዳይነካኝ።”

ኢንዱ ልታነሳት ሞከረች፤ ዘይቱን ስታሞቅ የነበረችው እሷ ናትና ልጅቷ ከእጇ ሙልጭ አለች። ሱላባም ተራዋን ስትጠብቅ ጸጉሯን በዘይት ስታሽ ቆይታለች፤ እሷም የያዘችው ሁሉ ያመልጣታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዘይት ያልነካው እኔና ሳካራም ብቻ ነበርን።

“ፓይልዋን፣ ያዛት” አለች ሂራባይ። “እግሬ ደነዘዘ፤ አሁን ይከዳኛል።”

“እኔ?”

“ሌላ ፓይልዋን አለ እዚህ?”

“ማሩቲ ይያዛት።”

እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አላፍርም። ባለወፍጮ ነኝ፤ ሙያዬ የያዝኩትን ማድቀቅ ነው።

ጁዪ መንሸራተት ጀመረች። መጀመሪያ አንድ እግሯ ወረደ፣ ቀጥሎ ቂጧ ተከተለ።

ሳካራም ከዚህ በኋላ ያደረገውን ሌላ ከተማ ያለ አያት አያደርገውም። በትግል ሜዳ ባላጋራህ ዘይት ተቀብቶ አልያዝ ሲልህ ከመሬቱ እፍኝ አፈር ዘግነህ ትበትንበታለህ፤ ያኔ እጅህ አጥብቆ ይይዛል። ሳካራም ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን አደረገ። ጎንበስ አለ፣ አፈር አጣ፣ ከረጢቴን ከእጄ መነጨቀኝ። አንድ መዳፍ ዱቄት ዘግኖ ጁዪ ጀርባ ላይ በተነው፤ የእሱ አንድ መዳፍ የሰው ሁለት ነው። የቀረውን በእጆቹ መካከል አሸና በብብቷና በጭኗ ሥር ገብቶ ብድግ አደረጋት።

ቤቱ በዱቄት ጉም ተሸፈነ። ሲገለጥ ጁዪ ቢጫ ሆናለች፤ በሽምብራ ዱቄት ተለውሳ ዘይት ውስጥ ልትጠበስ የተሰናዳች ባጂያ ነው የምትመስለው። ዓይኗን ከፈተች፣ አየችው፣ አነጠሰች። አላለቀሰችም።

ሳካራም ደረቱ ላይ ለጥፏት ቆመ፤ የሚተነፍስም አይመስል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ሰው አንዴ ከያዘ በኋላ ቀጥሎ የሚያውቀው መጣል ብቻ ነው።

“ሳካራም” አልኩት ቀስ ብዬ። “እንዳትጥላት።”

“ዝም በል” አለኝ።

ኢንዱ፣ “ሰውዬው ልጅቷን ሊጠብሳት ነው እንዴ?” አለች። ሱላባ ግን አልጮኸችም፣ ልጄን ስጡኝም አላለችም። ግድግዳውን ተደግፋ አባቷን ታየዋለች።

“እኔንስ?” አለች ሂራባይ ከመሬት። “ወይስ ዱቄቱን ጨረሳችሁት?”

ሐኪሙ ለሂራባይ መድኃኒት ሰጥቶ ተኝተሽ ክረሚ አላት። ሌሎች አሺዎች ተለመኑ፤ ሰሞኑን በየቤቱ አራስ ነበርና አንዷም አልተገኘች። ኢንዱ የእጇ አንጓ ቁርጥማት አለበት። ሱላባ ራሷ ትሞክራለች፣ ልጅቷ ስታለቅስ እሷም አብራ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዘይት በዘይት ሆነው ይቀራሉ። ሱላባ ከወለደች ወዲህ ያለ ምክንያት ማልቀስ አብዝታ ነበር። ጁዪ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በመጣ ቁጥር ሆዷ ተነፍቶ እግሯን እየሰበሰበች ትንፈራገጣለች። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እኔም የሚፈጭ እህል ሳይኖር ወፍጮ ማስነሳት ጀመርኩ።

ሂራባይን ልንጠይቃት የሄድን ቀን ይህንን ሁሉ ነገርናት። ከምንጣፏ ሳትነሳ፣ “ታዲያ ፓይልዋን ያሻታ” አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሱላባ ብቻ አልሳቀችም።

“ባባ ይሞክሩ” አለች።

“ልጄ፣ የእኔ እጅ ለዚህ አይሆንም” አለ ሳካራም።

“ያን ቀን ያዟት። አላለቀሰችም።”

ሳካራም መልስ ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ልምምዱ በእኔ ወፍጮ ቤት፣ በእኔ ዱቄት ሆነ፣ እኔን ማንም ሳያማክረኝ። ሂራባይን በባጃጅ አምጥተን ጆንያ ላይ አጋደምናት። ኢንዱ ሊጥ አቡክታ ህጻን የሚያህል አድርጋ አቀረበች። ሳካራም እግሩን ዘርግቶ ሊጡን ቅልጥሙ ላይ አስተኛው፣ ዘይት ቀባው፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። ሊጡ ቂጣ ሆነ።

“ሞተ” አለች ሂራባይ። “ሌላ ልጅ አምጡ።”

ሌላ መጣ። እሱም ሞተ። የሞቱትን ኢንዱ እየጋገረች ሰፈሩ ይበላቸው ጀመር። ቆይቶ ደጄ ላይ የሚያንዣብበው ጎረቤት በዛ፤ “ዛሬስ የሞተ የለም?” ይለኛል እያንዳንዱ፣ ዕቃውን ከኋላው ደብቆ።

“ስማ፣ ፓይልዋን” አለችው ሂራባይ አንድ ቀን፣ ሳቋ ወገቧን እያሳመማት። “ጎረምሳ ስታሽ ምንድን ነው የምታደርገው?”

“የሚያመውን ቦታ እፈልጋለሁ።”

“እዚህ ምንም አትፈልግ። ልጅቷ ምንም አልጠፋባትም። እጅህን አሙቀህ አሳርፈው፣ ከዚያ ዝም ብለህ ሂድ። ዓይን ዓይኗን እያየህ። ደስ ሲላት ታይሃለች። ሲሰለቻት ፊቷን ታዞራለች፣ ያን ጊዜ እጅህን ታነሳለህ። አለቃዋ እሷ ናት።”

“ብታለቅስስ?”

“ታለቅሳለች እንጂ። አንተስ ብትሆን ራቁትህን አስተኝተው ዘይት ቢያፈሱብህ አታለቅስም?”

“ዕድሜዬን ሙሉ ሲያፈሱብኝ ነው የኖርኩት።”

“እንግዲያው ይገባሃል። ኢንዱ፣ ሌላ ልጅ።”

ከስንት ቂጣ በኋላ አንዱ ሊጥ እንደተኛ ቀረ። መልኩ አልተነካም፣ ዘይቱ ብቻ ሰርጎበታል። ሂራባይ ጣቷን ሰድዳ ዳሰሰችው። “ይሄኛው እንቅልፍ ወስዶታል” አለች። ሳካራም ሊጡን እንዳይቀሰቅሰው ፈርቶ እግሩን እንደዘረጋ ብዙ ተቀመጠ። ኢንዱ መጥታ እስክትወስድበት ድረስ አልተነሳም።

ጁዪን ያሸባት የመጀመሪያዋ ቀን እኔም ገባሁ። ወንድ ይውጣ የምትለው ሂራባይ ራሷ ወንድ አስቀምጣለችና ደንቡ ፈርሷል። ሳካራም ጥፍሩን ቆርጧል፣ ቀለበቱን አውልቋል፣ መዳፉን በድንጋይ ፈግፍጎ የአፈሩን ሻካራ አንስቷል። ህጻኗን ቅልጥሙ ላይ ሲያስተኟት ሁለት እጁን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ከአንገት እስከ እንብርት አልታየችም፤ ከላይ ፊት፣ ከታች እግር ብቻ ቀረ። ከዚያ እጁ መሄድ ጀመረ። እኔ ያንን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን አይቼው አላውቅም።

ሆዷ ላይ ክብ ክብ ሲያደርግ ጁዪ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗን አፈጠጠች፣ ከዚያ ያቺን ከምታክል ፍጥረት የማይጠበቅ ድምፅ ከኋላዋ ወጣ። የጭነት መኪና ሲያስነሱ እንደዚያ ነው። ሳካራም የሰበራት መስሎት እጁን ወደ ጣራው ሰቀለ።

“አየሯ ነው፣ ባባ” አለች ሱላባ፣ ሳቋም ፈነዳ። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ታጥባ ስትወጣ ጁዪ ጡት መጥባቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት፤ ከሰዓት በኋላም ግድግዳዬ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለመደ። ጁዪ የሳካራምን ሳል ስትሰማ እግሯን መወራጨት ጀመረች፤ ኢንዱ በምቀኝነት “እኔም እኮ እስላለሁ” ትላለች። ሱላባ ፎጣ ይዛ አባቷ አጠገብ ትቀመጣለች። የሚያወሩት ስለ ልጅቷ ብቻ ነው፤ ስለ ሆዷ፣ ስለ አፍንጫዋ፣ ማንን እንደምትመስል። ግን ያወራሉ፤ በፊት እኮ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በኢንዱ በኩል ነበር። ለቅሶዋም እየቀነሰ መጣ። ሳካራም ራሱ ትግል ከተወ ወዲህ ሌሊት ሲንጎራደድ የሚያድር ሰው፣ አሁን አንዴ ጋደም ካለ እስኪነጋ ያንኮራፋል። የትግል ቤቱ ጎረምሶች ግን ከፍቷቸዋል። አንደኛው ጭራሽ እየታሸ እንቅልፍ ወስዶት በዚያ ቀን ግጥሚያው ሊያመልጠው ሲል ነው ነቅቶ የሮጠው። እኔ ዘንድ መጥተው፣ “ፓይልዋንን ምን ነካቸው? ያባብሉናል” ብለው ከሰሱት።

ይህንን ሁሉ ሲያደርግ ሳካራም ሰማዩን ያይ ነበር። ደመናው ሲሳሳ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዝናብ ሲጥል ደስ ይለዋል። የከተማው ገበሬ ሁሉ ይብቃን ሲል እሱ ብቻ ይጨምር ይላል።

ማላቲ ግን ዝናቡን አልጠበቀችም። ወሬው ሳንግሊ ደርሶ ኖሯል፤ የልጅ ልጅሽን ጆሮው የተጨማደደ አንድ ፓይልዋን እንደ ሊጥ እያሻት ነው ተብላለች። ያንን ሁሉ ቂጣ የበላ አፍ ዝም ይላል ብለን ማሰባችን ነው ሞኝነታችን። አንድ ጠዋት ከእነ ባሏ በባጃጅ መጣች። ባሏ ጃንጥላ ይዞ ከኋላዋ የሚሄድ ዝምተኛ ሰው ነው። ባለባጃጁን፣ “ሞተሩን እንዳታጠፋ፣ አሁን እንመለሳለን” አለችው። ይህንን ስሰማ ወፍጮዬን አቁሜ ተከተልኳቸው፤ ጎረቤት ማለት ለዚህ ነው።

ስንገባ ሳካራም እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ጁዪ ቅልጥሙ ላይ ናት። ሂራባይ አሁን በምርኩዝ መምጣት ጀምራለችና ጥግ ይዛ ሻይዋን ትጠጣለች። የልጅቷ ቀኝ እግር ታሽቶ አልቆ ያብለጨልጫል። ሳካራም ማላቲን ሲያይ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው እጁን አንስቶ ከጀርባው ደበቀ።

“እውነት ነው እንግዲህ” አለች ማላቲ። “ይኸን ያህል ሴት ጠፍቶ ነው?”

“ቁጭ ይበሉ፣ ማላቲባይ፣ ሻይ ላምጣ” አለች ኢንዱ።

“አልቀመጥም። ሱላባ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ባጃጁ ቆሟል።”

ያ የአገሩን ጉልበተኛ ሁሉ መሬት ለመሬት ሲያንከባልል የኖረ ሰው አንገቱን፣ ማለቴ አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። “መብታቸው ነው” አለ ለራሱ። እንደገና ያቺን የሠርጉን ቀን የሎሚ ቦታ ነው ያየሁት፤ ህጻኗን አሳልፎ ሊሰጣት ነው አልኩ።

ሱላባ ለአማቷ ቃል መልሳ አታውቅም፤ ይህንን ኢንዱ ነግራኛለች፣ ማላቲም ለሰው ሁሉ በኩራት ትናገራለች። አሁን ግን ከፎጣው ጋር ተነስታ ቆመች።

“ግራ እግሯ ገና አልታሸም” አለች።

“ምን አልሽ?”

“ቀኙ አልቋል። ግራው ገና ነው። ባባ ሳይጨርሱላት አንሄድም።”

ማላቲ አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት ሂራባይ ሻይዋን አስቀመጠች። “በአንድ እግሯ ልትወስጃት ነው እንዴ፣ እህቴ?” አለች። “ግማሽ የታሸ ልጅ አንድ እግሩ እንደሚረዝም አታውቂም?”

እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሂራባይ እዚያው እንደፈጠረችው እምላለሁ። የማላቲ ባል ግን ጃንጥላውን መሬት ላይ ተከል አደረገና፣ በዚያ ቤት የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

“ያጎትሽ ልጅ ቪታል እንደዚያ ሆኖ አይደል የቀረው?” አለ።

ማላቲ ተቀመጠች። “እንግዲያው ቶሎ ይጨርሱ” አለች።

ሳካራም እጁን ከጀርባው አወጣ፣ ዘይት ጨመረ፣ መዳፎቹን አሟሟቀ። የግራ እግር እንደዚያ ሲታሽ የኮልሃፑር ሰው አይቶ አያውቅም። ከጭኗ ተነስቶ ጉልበቷ እስኪደርስ ድረስ የኢንዱ ሻይ ፈልቶ ተቀድቶ ተጠጣ። ደጅ ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። ጉልበቷን ዞረ፣ እንደገና ዞረ። ባለባጃጁ ሲሰለቸው ሞተሩን እንዳስነሳ ገብቶ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ፤ ለእሱም ሻይ ተሰጠው።

“ቁርጭምጭሚቷን ረሱት” አለች ማላቲ።

“አልረሳሁትም። እደርስበታለሁ።”

ጁዪ ፊቱን ፊቱን እያየች በራሷ ቋንቋ ታወራለች። እሱ ሲያስነጥስ ዝም ትላለች፣ ማሸቱን ሲቀጥል እሷም ትቀጥላለች። ማላቲ መጀመሪያ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው፤ ስመለከታት ሳንቃው አጠገብ ደርሳለች፣ መቼ እንደተጠጋች አላየሁም።

“ይቺ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ታወራለች?” አለች።

“እሱ ሲያሻት ብቻ ነው” አለች ኢንዱ። “ከእኔ ጋርማ ትኮራለች።”

ሳካራም ጣቶቿ ላይ ደረሰ። ከትልቁ ጀመረ፣ እያንዳንዷን ያዝ እያደረገ ሄደ፣ ትንሿ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በላይ እግር የለም። መዳፉን እግሯ ላይ እንዳሳረፈ ቀና ሳይል ቀረ።

ማላቲ ጉሮሮዋን ጠረገች። “እኛ ጋ ማን እንደሚያሻት እንጃ” አለች፣ አሁን ድምጿ ዝቅ ብሏል። “የእኛ ሰፈር አሺ አርጅታለች።”

“እኔ” አለች ሱላባ። ዞራ ሳካራም ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። “ባባ፣ እንዴት እንደሚደረግ ያሳዩኝ። እጄ ላይ።”

እጇን ዘረጋችለት። ሳካራም እጇን አየው፣ የራሱን መዳፍ አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አላየሁም፤ ያዛት አልኩት በዓይኔ። ልጅቷን ለኢንዱ አቀበላት፣ ዘይት አፈሰሰ፣ የገዛ ልጁን የሱላባን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። መጀመሪያ እንዲያው ያዘው። ከዚያ ከአንጓዋ ጀምሮ ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ ጣቶቿ፣ ልክ ሊጡን እንዳስተኛው፣ ልክ ጁዪን እንደሚያደርጋት።

“እንደዚህ” አለ። “ምንም አትፈልጊም። ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ። ገባሽ?”

“አልገባኝም” አለች ሱላባ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። “እንደገና ያሳዩኝ።”

እንደገና አሳያት። አሁንም አልገባኝም አለች። ሂራባይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ወገቤን አመመኝ አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ባለባጃጁ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። “እመቤት፣ እንሂድ ወይስ?” አለ።

ማላቲ በሳሪዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ዓይኗን ከሁለቱ አላነሳችም።

“ሂድና ሞተሩን አጥፋ” አለችው። “አልገባኝም ስትል አትሰማም?”